ስሙን የሚያውቁት፣ እጁን የማያውቁት

አዊ ውስጥ፣ ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ፣ አንድ የአማርኛ መምህር ቤት ተቀምጠናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ መነጋገር እስኪያቅተን ድረስ ያንባርቃል። የትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ አባላት የሆኑ ሦስት ተማሪዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ዝናቡ ጋብ ሲል አንዷ ተነሥታ የገብረ ክርስቶስ ደስታን «ሀገሬ» ወረቀት ሳታይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ አለችው። እቤቷ የምትነጋገርበት ቋንቋ አዊኛ ነው። ግጥሙን ስትለው ግን ለእሷ የተጻፈ ይመስል ነበር።

መምህሩ ከጨረሰች በኋላ፣ «ገብረ ክርስቶስ ከገጣሚነቱ ሌላ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሠዓሊ!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

«ምን ሣለ?»

ዝም።

«እሺ፣ ነገ አንድ ሰው ሥዕል ተሸክሞ መጥቶ ‹ይህ የገብረ ክርስቶስ ነው› ቢላችሁ በምን ታውቃላችሁ?»

ግጥሙን በቃሏ ያለችው ልጅ ጥቂት አሰበችና «በፊርማው ነዋ፣ ቲቸር» አለች።

ይህ መልስ የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ከፍለው ሥዕል የሚገዙ ሰዎች፣ በኒውዮርክም በዴልሂም፣ ብዙ ጊዜ የሰጡት መልስ ይኸው ነው። ስሙን ያውቁታል፤ እጁን አያውቁትም። ሐሰተኛ ሥዕል የሚኖረውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ነው። በኛ ሀገር ይህ ክፍት ቦታ በጣም ሰፊ ነው፤ ሲሰፋም ዝም ብለን እያየነው ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም. ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕልና በሐረግ ያስጌጡ ነበር። ስለዚህ ይህ ሰው ቀለም ሲበጠበጥ እያየ ያደገ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጀመረውን ትምህርት ተወና ራሱን ለሥዕል ሰጠ፤ ቀጥሎም ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄዶ ተማረ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲመለስ ይዞት የመጣው ነገር አዲስ አበባን ለሁለት ከፈላት።

ያን ጊዜ ሥዕል ማለት ለብዙው ሰው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ሌላው ደግሞ የሰውን መልክ፣ የሀገርን ገጽታ፣ የዐድዋን ጦርነት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል። ገብረ ክርስቶስ ያቀረበው ከሁለቱም ወጣ ያለ ነበር። ክብ፣ መስመር፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ የቀለም ክምር አቀረበ። እርግጥ የድሃውን፣ የአካል ጉዳተኛውን፣ የሊስትሮውን መከራም ሥሏል፤ ሰው የተጣላው ግን ከረቂቁ ሥራው ጋር ነው። «ይህ ምንድን ነው? የት ነው ኢትዮጵያዊነቱ? ፈረንጅ አገር ተምሮ ፈረንጅ ሆኖ መጣ» ተባለ። እሱም ዝም አላለም። በጽሑፍም በቃለ መጠይቅም ተከራከረ፤ ሠዓሊ የሀገሩን ልብስ በመሣል ብቻ የሀገሩ ሠዓሊ እንደማይሆን፣ ቀለምና ቅርጽ የማንም ሕዝብ የግል ርስት እንዳልሆኑ ደጋግሞ አስረዳ። ሰሎሞን ዴሬሳን የመሰሉ ገጣሚና ሐያሲ ስለ ሥራው በቁም ነገር ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ሲቀበልም ክርክሩ አልበረደም።

እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለውን «ጎልጎታ» ያየ ሰው የክርክሩን ምክንያት ወዲያው ይረዳዋል። ቀይ የነገሠበት ስቅለት ነው። በብራና ላይ የለመድነውን ክርስቶስ፣ ዓይኑን፣ ፀጉሩን፣ ከመስቀሉ ግርጌ የቆሙትን እመቤታችንንና ዮሐንስን የሚፈልግ ሰው አያገኝም። የሚያገኘው መከራውን ነው። እኔ ይህን ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ትውፊት የራቀ ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም፤ የዓርብ ስቅለትን ስግደት በልጅነቱ የሰገደ ሰው ብቻ ነው ያንን ቀይ እንደዚያ አድርጎ የሚያስቀምጠው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ያኔ ቆመው የተከራከሩትንም አልንቃቸውም። እነሱ ቢያንስ ሥዕሉን አይተውታል። ሰው የሚጣላው ካየው ነገር ጋር ነው።

እንዲህ ያለው ጠብ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ከቬኒስ የመጣ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል ሠዓሊ ነበር፤ በኛ ዘንድ መርቆሬዎስ ተብሎ ይጠራ ነበር ይባላል። እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ እንደታቀፈች አድርጎ ሣላት። ቀኝ የክብር፣ ግራ የንቀት ሆኖ በሚቆጠርበት ሀገር ይህ ትልቅ ሁከት እንዳስነሣ ይተረካል። ሰውየው ግን አልተባረረም። ረጅም ዘመን እዚሁ ኖሮ ሣለ። ጎጃም ውስጥ ዋፋ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው ሥዕሉ ላይ ስሙን ጽፎበታል። ይህ ብርቅ ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን አይጽፉም ነበር፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ያለውን ሥዕል የሣለው ፍሬ ጽዮን ስሙ የታወቀው እንዲሁ በሥዕሉ ላይ በቀረ ጽሑፍ ነው። ወደ ስም ነገር በኋላ እመለሳለሁ፤ ለሐሰተኛ ሥዕል መነሻው እሱ ነውና።

ገብረ ክርስቶስ በደርግ ዘመን በኬንያ በኩል ወጣ። ከዚያ ጀርመን፣ ከዚያ አሜሪካ። መጋቢት 1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ አረፈ፤ ሃምሳ ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር። «ሀገሬ»ን የጻፈ ሰው መቃብሩ እዚያ ቀረ። ሥዕሎቹ ተበታተኑ፦ ገሚሱ ጀርመን፣ ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ በግለሰቦች ሳሎን። ጀርመን የነበሩት በርከት ያሉ ሥራዎች በኋላ ተመልሰው መጡ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ። ከግምጃ ቤት ተማሪዎች አንዳቸውም አላዩትም። በነሱ አልፈርድም፤ አዲስ አበባ ተወልደው በሩ ላይ በታክሲ እያለፉ ያላዩት ስንት ናቸው!

የእሱን ዕጣ ሳስብ የሕንዱ ሠዓሊ ማቅቡል ፊዳ ሁሴን ይመጣብኛል። ሁሴን የቦምቤይ ሲኒማ ቤቶችን ማስታወቂያ በመሣል ጀምሮ በሀገሩ እጅግ የታወቀው ሠዓሊ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ መጽሔት፣ ሁሴን በ1970ዎቹ የሣላቸውን የሂንዱ አማልክት ራቁት ሥዕሎች አወጣና አገር ታመሰ። በ1998 ቤቱ ተጠቃ፤ ክስ በክስ ላይ ተደራረበበት። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2008 ክሶቹን ቢጥልለትም እሱ ከሁለት ዓመት በፊት ሀገሩን ለቅቆ ነበር። በ2010 የኳታር ዜግነት ወሰደ፤ በ2011 በ95 ዓመቱ ለንደን ሞተ። ከሞተ በኋላ የሆነው ደግሞ የታወቀ ነው፤ በ2025 አንድ ሥዕሉ ኒውዮርክ ላይ በ13 ነጥብ 75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ዋጋ እንዲህ ሲያሻቅብ ሐሰተኛው ይከተላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 የሁሴን ባልንጀራ የነበረው ሳይድ ሃይደር ራዛ፣ ብዙ ዘመን ከኖረበት ከፈረንሳይ ዴልሂ መጥቶ የወጣትነት ዘመን ሥራዎቹ የሚታዩበትን አውደ ርእይ ሊከፍት ገባ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሲያይ የሱ አልነበሩም። ሠዓሊው በሕይወት እያለ፣ በገዛ ዓይኑ ፊት! ከሁለት ዓመት በኋላ ኮልካታ ውስጥ የራቢንድራናት ታጎር ተብለው ለሕዝብ የቀረቡ 20 ሥዕሎች ሐሰተኛ ሆነው ተገኙ። ታጎር ከሞተ 70 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ስለነበር «የኔ አይደለም» የሚል ባለቤት የለም፤ ነገሩን ያወጡት በሙያው ያሉ ሰዎች ናቸው። ራዛ ባይደርስ ኖሮ ዴልሂ የነበሩት ሥዕሎች ዛሬ የስንቱን ቤት ግድግዳ ያስጌጡ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ረቂቅ ሥዕልን ልዩ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። «ይህንንማ ልጄም ይሥለዋል» የሚለውን ንግግር ያልሰማ የለም፤ ገብረ ክርስቶስም ሰምቶታል። አጭበርባሪዎች ይህን ንግግር ከልባቸው ያምኑበታል። ኒውዮርክ ውስጥ ክኖድለር የሚባል፣ 165 ዓመት የቆየ የሥዕል መሸጫ ነበር። ለዓመታት የጃክሰን ፖሎክና የማርክ ሮትኮ የተባሉ ሥዕሎችን ሲሸጥ ኖረ። ሥዕሎቹን የሣለው ኩዊንስ በሚባለው ሠፈር የሚኖር ከቻይና የመጣ ሠዓሊ ነበር፤ የሚከፈለው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲሆን ሽያጩ ግን ተደምሮ ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ሱቁ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘጋ። አንደኛው ሥዕል ላይ የፖሎክ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት በስሕተት ተጽፎ ነበር፤ ገዢው ያንን እንኳን አላየም። ፊርማ እናያለን የሚሉት ሰዎች ፊርማውንም አያዩትም ማለት ነው።

ገብረ ክርስቶስ በተማረባት በኮሎኝ ደግሞ በዚያው በ2011 ቮልፍጋንግ ቤልትራኪ የሚባል ሰው ስድስት ዓመት ተፈረደበት። የሃያኛውን መቶ ዘመን መጀመሪያ ሠዓሊዎች እጅ እያስመሰለ፣ የሌሉ ሥዕሎችን እየፈጠረ ሲሸጥ የኖረ ነው። የጣለው አንድ ነጭ ቀለም ነው። በ1914 ተሣለ የተባለው፣ 2 ነጥብ 88 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠው ሥዕል ውስጥ ታይታኒየም ነጭ ተገኘበት፤ በ1914 ደግሞ ያ ቀለም ገና ገበያ ላይ አልነበረም። ላቦራቶሪ እንዲህ ያለውን ያጋልጣል። ነገር ግን ሠዓሊው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሠራ ከሆነ፣ ዛሬ ከሱቅ የሚገዛው ቀለምና ያን ጊዜ የነበረው ብዙ አይራራቅም። ለገብረ ክርስቶስ፣ ለሠዓሊው ለእስክንድር ቦጎሲያን፣ ለዚያ ትውልድ ሁሉ፣ የቀለም ምርመራ ብቻውን አያድንም።

እንግዲህ ወደ ስም ነገር ልመለስ። የሐሰት ሥዕል ሁለት ዓይነት ነው። የዘመናዊው ሥዕል አጭበርባሪ የሚሰርቀው የሰው እጅ ነው፤ «ይህ የእገሌ ነው» ይላል። የጥንቱ ሥዕል አጭበርባሪ ግን ስም አያስፈልገውም፤ ሠዓሊው ስሙን አልጻፈማ። እሱ የሚሰርቀው ዕድሜ ነው፤ «ይህ የጎንደር ዘመን ነው፣ ሦስት መቶ ዓመት ሆኖታል» ይላል። ሁለተኛውን ለማየት ከግምጃ ቤት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ደብር ነው፤ ስሙን የማልጽፈው ለሌባ መንገድ ላለማሳየት ነው። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ባለ ሁለት ተከፋች ሥዕል አወጡ። እኔ ከፍቼ የእመቤታችንን መልክ ለማየት ስጣደፍ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ከፊቱ አትጀምር፣ ልጄ። ገልብጠው።»

ገለበጥኩት። የዋንዛ እንጨት ነው። ጠራቢው በመጥረቢያ ያሳለፈበት ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ አሻራ አሁንም በጣት ይዳሰሳል። ማንጠልጠያው ክር የሚገባበት ቀዳዳ ክብነቱን አጥቶ ወደ ላይ ሾልሏል፤ ክሩ ለዘመናት ሲጎትተው በልቶት ነው። ጠርዙ ሁለት እጅ በሚይዘው በኩል ለስልሶ ያብለጨልጫል፤ ሌላው ጠርዝ ግን እንደ ሻከረ ነው።

«አሁን ክፈተው።»

ከፈትኩት። የእመቤታችን ልብስ ሰማያዊው ከታች በኩል፣ እግሯ ሥር፣ ተልጦ ነጩ ኖራ ታየ። ፊቷ ላይ ግን ቀለሙ እንዳለ ነው።

«ሕዝቡ የሚሳለመው እዚያ ነው» አሉ አባ። «አፍ ሲነካው ኖረ፤ ያ ነው የበላው። አሮጌ ነው ብለው የሚያመጡልን ሥዕል ሁሉም ቦታው እኩል የተፋቀ ነው። ሁሉም ቦታው እኩል የተፋቀ ሥዕል ማን ተሳለመው?»

ከዚያ በኋላ በየሱቁ ያየኋቸውን «ጥንታዊ» ሥዕሎች ሁሉ በዚያ ጥያቄ ነው ያየኋቸው። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ የሥዕል ዕቃ በሚሸጥበት ሠፈር ለጠየቀ ሰው የሚደበቅ ነገር አይደለም። ከፈረሰ በር ወይም ከአሮጌ ሳንቃ እንጨት ይወሰዳል፤ አዲስ ይሣልበታል፤ ጭስ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቡና ወይም ሻይ ይቀባል፤ ጥላሸትና ቅቤ ይታሻል፤ እሳት አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ተደርጎ እንዲሰነጣጠቅ ይደረጋል። እንጨቱ እውነተኛ አሮጌ ስለሆነ ገዢ ገልብጦ ቢያየው እንኳ ይታለላል። ቀዳዳውን ግን ይረሱታል። በዘመኑ የሌለ ሰማያዊም ያስገባሉ፤ ሰው ሠራሹ አልትራማሪን ፈረንሳይ ውስጥ የተፈለሰፈው በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያ ቀለም የተሣለ ሥዕል የዐፄ ፋሲል ዘመን ነው ሊባል አይችልም።

የብራናው ከሁሉ ይብሳል፤ እዚያ ሐሰቱ እውነቱን ይገድለዋል። ሥዕል የሌለው መዝሙረ ዳዊት ወይም ድርሳን ለቱሪስት ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ባዶ ገጽ ይፈለጋል፤ ባዶ ገጽ ከሌለ ጽሑፉ በቢላ ይፋቅና በላዩ መልአክ ወይም ቅዱስ ጊዮርጊስ ይሣልበታል። ወደ ብርሃን ቀና ሲያደርጉት ከመልአኩ ክንፍ ሥር የተፋቀው ፊደል ጥላው ይታያል። አንዳንዴም መጽሐፉ ይበተንና ቅጠል በቅጠል ይሸጣል። አንድ ደብተራ ስንት ወር ተቀምጦ የጻፈው፣ አንድ ሰው ለነፍሱ መታሰቢያ ያስጻፈው መጽሐፍ በዚህ መንገድ አለቀ። ከትግራዩ ጦርነት ጋር ተያይዞ የኢትዮጵያ ብራናዎች በኢንተርኔት ገበያ ላይ ለጨረታ መቅረባቸው ሲዘገብ ብዙዎቻችን ደነገጥን፤ ዛሬ በአማራ ክልል ያለውን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ድንጋጤው አላለፈም።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ደግሞ ይህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። ስለዚህ አሮጌ የሚመስል ሥዕል የገዛ መንገደኛ፣ ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን፣ አዲስ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀቱን ያገኛል፤ እውነትም አዲስ ነውና። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወረቀቱ ይጣላል፤ ሥዕሉም ባሕሩን ሲሻገር ሦስት መቶ ዓመት ያረጃል። የኛ መሥሪያ ቤት የሰጠው እውነተኛ ቃል ከዕቃው ጋር ቢጓዝ ኖሮ ውጭ ያለው ሐሰተኛ ገበያ ግማሹ ይደርቅ ነበር። ያ ወረቀት የሥዕሉን ፎቶግራፍና ቁጥር ይዞ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ለምን አይቀመጥም?

ስለ ሐሰት ስናወራ ግን ቅጂን አብረን እንዳንኮንን እሰጋለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል በቅጂ የቆመ ነው። ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንላት፣ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል፣ መነሻዋ ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው ሥዕል ናት፤ ኢየሱሳውያን በ17ኛው መቶ ዘመን መባቻ አካባቢ ባመጡት ኅትመት ተዛመተች። የጎንደር ሠዓሊዎች ቀዷት፤ ሲቀዷትም ጥለቱን፣ ዓይኑን፣ ጣቱን የራሳቸው አደረጉት። ማንም ማንንም አላታለለም። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌንም «የመስቀል አበባ»ንና «እናት ኢትዮጵያ»ን በየቢሮው በየሳሎኑ በኅትመት አይተናቸዋል፤ ኅትመት መሆኑን የማያውቅ የለም። ቸርችል ጎዳና በፍየል ቆዳ ላይ ቅዱስ ያሬድን ሥሎ የሚሸጥ ወጣትም አጭበርባሪ አይደለም፤ እንጀራውን በእጁ የሚበላ ሰው ነው። ሐሰቱ የሚጀምረው ከሠዓሊው ብሩሽ ላይ ሳይሆን ከሻጩ አፍ ላይ ነው። አንድ ቀን ያ ወጣት ሦስት መቶ ዶላር የሸጠው ሥዕል ሠላሳ ሺህ ዶላር ተብሎ በሌላ ሰው ስም ቢሸጥ፣ የተሰረቀው የሞተው ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን እሱም ጭምር ነው።

አፈወርቅ ሥራውን በመጠበቅ ረገድ ከጓደኞቹ ሁሉ የተለየ መንገድ መረጠ። ብዙ ሰው ይወቅሰው ነበር፤ ሥራውን አያወጣም፣ አያቀርብም፣ ከሕዝብ ተለይቶ በቪላ አልፋ ተዘግቶ ይኖራል ይሉታል። ወቀሳው ውስጥ እውነት ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ዋና ዋና ሥራዎቹን ከእጁ አላወጣም፤ ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ሲሞትም ብዙዎቹ በአንድ ቤት ነበሩ። የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ቦታው ይታወቃል። ስለዚህ አንድ ሰው የአፈወርቅ ነው ብሎ የማይታወቅ ትልቅ ሥዕል ቢያመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እስከ ዛሬ የት ነበር?» ነው። ገብረ ክርስቶስና እስክንድር ይህ ጋሻ የላቸውም። እስክንድር ፓሪስ፣ አዲስ አበባ፣ አትላንታ፣ ዋሽንግተን እያለ ኖረ፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከሃያ ዓመት በላይ አስተማረ፤ በ1995 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። ለወዳጅ ሰጠ፣ ለተማሪ ሰጠ፣ ሸጠ። ለሱ ቸርነት ነበር፤ ለታሪኩ ግን ክፍት በር ሆኗል። የትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሠዓሊ የጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥዕል በ2023 እ.ኤ.አ. ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከተሸጠ ወዲህ፣ ከኢትዮጵያ ሥዕል ገንዘብ ይገኛል የሚለውን ያልሰማ ነጋዴ የለም። በዚያ በር የሚገባው ሰው እየበዛ ይሄዳል።

ሕጉስ? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ሥራውን ይጠብቃል፤ ለገብረ ክርስቶስ እስከ 2031 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። አዋጁ የሚጠብቀው ግን ሠዓሊው የሠራውን ሥዕል ነው። ያልሠራውን ሥዕል በስሙ መሸጥ የማታለል ወንጀል ነው፤ እሱን ለማስፈረድ ደግሞ ሥዕሉ የሱ አለመሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። በምን ይረጋገጣል? ዳኛው ፊት የሚቀርብ የሥራዎቹ ሙሉ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ርእሱ፣ ዓመቱ፣ ልኩ በሴንቲ ሜትር፣ ሸራ ይሁን ሰሌዳ፣ ከፊቱም ከጀርባውም የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ። 

ለብራና ይህን የመሰለ ሥራ ከዚህ በፊት ሠርተናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ ተቀምጠው ብዙዎቹን አንብበው ዝርዝራቸውን አወጡ። ዛሬ አንድ ብራና ሚላኖ ገበያ ላይ ቢገኝና ያ ፊልም ላይ ካለ፣ የየትኛው ደብር እንደሆነ ይነገራል፤ መልአኩ በኋላ የተጨመረ መሆኑም ይታያል። ለአሮጌ ሥዕሎች ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን ሲያደራጅ የጀመረውን፣ ሌሎች በ«መዝገበ ሥዕላት» የፎቶግራፍ ክምችት ቀጥለውታል። ስለ ዘመናዊው ደግሞ ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጽሐፍ መሠረት ጥሏል። ለገብረ ክርስቶስና ለእስክንድር ግን ዝርዝሩን ጨርሶ የሚያስቀምጥ ሥራ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። ገብረ ክርስቶስ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማራቸው፣ ቀለም ሲቀላቅል አጠገቡ የቆሙት፣ ዛሬ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው። እሱ ሸራውን እንዴት እንደሚወጥር፣ ቀለሙን በቢላ ይሁን በብሩሽ እንደሚጥል፣ ያልወደደውን ሥዕል ምን እንደሚያደርገው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ ዕውቀት የትም ላቦራቶሪ የለም።

የግምጃ ቤቱ መምህር ይህን ስነግረው አቋረጠኝ። «አንተ የአዲስ አበባውን ብቻ ታስባለህ» አለ። «እዚህ አገራችን ያለውስ? ከቄስ አዳሙ ተስፋው ወዲህ እንኳ፣ ከጎጃም ወጥተው ስንት ሠዓሊዎች በየደብሩ ሸራ ላይ ሥለው ሄደዋል። ስማቸውን የሚያውቅ የለም። እነሱስ ሲሞቱ?» ቄስ አዳሙ ከብቸና ነው፤ ካህን ነበር፤ አዲስ አበባ ገብቶ ሠዓሊ ሆነ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ትልቅ አውደ ርእይ ተዘጋጅቶለታል። ስሙ የተረፈው ሁለት አሜሪካውያን አጥኚዎች ቁጭ ብለው ስለጠየቁት ነው። መምህሩ ልክ ነው፤ የአንድ ደብር ሸራ ላይ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በፊት የሣለው ሠዓሊ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቁ አባቶች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ጠያቂ የለም እንጂ።

ስለዚህ ሚኒ ሚዲያው በዚህ ዓመት ሁለት ሥራ ይዟል። አንደኛው፣ ከደብሮቹ አለቆች ጋር ተነጋግረው በአካባቢው ያሉ ሥዕሎችን ከፊትም ከጀርባም ፎቶግራፍ ማንሣት፤ ልኩን፣ እንጨቱን፣ ያስሣለውን ሰው፣ የሠዓሊውን ስም፣ የተነገረውን ሁሉ መጻፍ። ፎቶግራፉ በማኅበራዊ ሚዲያ አይወጣም፤ አንዱ ቅጂ ደብሩ ዘንድ፣ አንዱ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ዘንድ ይቀመጣል፤ አንድ ደግሞ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቢረከባቸው ይወዳሉ። ቁጥር የሚሰጡት እንዴት እንደሆነ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ግጥሙን በቃሏ ያለችው ልጅ በደብሩ ስም ይሁን ስትል፣ አንዱ ወንድ ልጅ ደግሞ የደብሩ ስም ወረቀቱ ላይ ካለ ወረቀቱ ሌባ እጅ ሲገባ ካርታ ይሆንለታል አለ። የልጁ ሐሳብ ነው ያሸነፈው፤ ቁጥር ብቻ ይጻፍና ቁልፉ አለቃው ዘንድ ይሁን ተባለ።

ሁለተኛው፣ የገብረ ክርስቶስን ሥዕሎች ማየት ነው። ስድስት ኪሎ ድረስ የሚያደርስ መኪናና ገንዘብ እስኪገኝ መምህሩ ከመጻሕፍት ያነሣቸውን ምስሎች አሳትሞ ክፍል ውስጥ መስቀል ጀምሯል፤ ከሥሩ «ቅጂ» ብሎ ጽፎበታል። መጀመሪያ የሰቀለው «ጎልጎታ»ን ነው። ልጆቹ ሲያዩት ግማሹ «ይህ ስቅለት አይደለም» አለ፤ ግማሹ «ነው» አለ። ክርክሩ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ፈጀ፤ ደወል ተደውሎም አልቆመም።